በሰፈር ክሊኒክ የሚገኝ የሕክምና አገልግሎትና የሠራተኛው መብት በታላቋ ካይሮ



በሥራ ውል ከአገሩ የወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይዞት የሚወጣው ሀብት ጤናው ነው። ደመወዙም፣ ለቤተሰቡ የሚልከው ገንዘብም፣ በሰላም ወደ አገሩ የመመለስ ተስፋውም በዚህ ላይ የቆመ ነው። ሆኖም ሥራዬን አጣለሁ፣ ክፍያው ይከብደኛል፣ ቋንቋውን አልችልም በሚል ስጋት ሕመሙን ደብቆ የሚሠራ ሰው ጥቂት አይደለም። አንድ ጊዜ ሐኪም ዘንድ በመቅረብ ሊድን ይችል የነበረው ሕመም እንዲህ እየዋለ እያደረ ሆስፒታል የሚያስተኛ ይሆናል። ስለሆነም በምትኖሩበት ሰፈር ያለው ክሊኒክ ምን አገልግሎት እንደሚሰጥ፣ ክፍያው እንዴት እንደሚፈጸም፣ በሕክምናም ጊዜ ምን መብት እንዳላችሁ በዚህ ጽሑፍ ተብራርቷል።

የት መታከም ይቻላል?

በካይሮ ለታማሚ በቅርብ የሚገኙት በሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በግብፃውያን ዘንድ «ዒያዳ» የሚባለው የሐኪም የግል ክሊኒክ ነው። ብዙዎቹ ሐኪሞች ጠዋት በመንግሥት ሆስፒታል ስለሚሠሩ የግል ክሊኒካቸውን የሚከፍቱት ወደ ማታ ነው። ዓርብ ቀን አብዛኛው ዝግ ነው። ይህ የማታ ሰዓት ቀን ሥራ ላይ ለሚውል ሰው የሚመች ነው።

ሁለተኛው «ሙስተውሰፍ» የሚባለው፣ በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በበጎ አድራጎት ማኅበር ሥር ሆኖ በአነስተኛ ክፍያ የሚያክም ክሊኒክ ነው። በሙሃንዲሲን ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው የሙስጠፋ ማሕሙድ መስጊድ የሕክምና ማዕከላት ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ናቸው።

ሦስተኛው የጤና ሚኒስቴር የሚያስተዳድረው የሰፈር ጤና ጣቢያ ነው። በዚህ የሕፃናት ክትባት፣ የእርግዝና ክትትልና የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ይሰጣል። ከዚህ ከፍ ያለ ሕክምና ሲያስፈልግ የቃስር አል ዓይኒና የዓይን ሸምስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችን የመሳሰሉ ታላላቅ ተቋማት አሉ። ለትኩሳትና ለተላላፊ በሽታ የዓባሲያና የኢምባባ የትኩሳት ሆስፒታሎች፣ ለሳንባ ሕመም ደግሞ የዓባሲያ የደረት ሆስፒታል የታወቁ ናቸው። በመንግሥት ተቋማት የውጭ ዜጋ የሚጠየቀው ክፍያ ግብፃዊው ከሚጠየቀው ሊለይ ስለሚችል፣ ካርድ ከማውጣት በፊት መጠየቅ ይገባል።

በክሊኒኩ ውስጥ የሚሰጠው አገልግሎት

የሰፈር ሐኪም ታማሚውን ይመረምራል፤ የደም ግፊትና የስኳር መጠን ይለካል፤ ቁስል ያጥባል፤ መድኃኒት ያዝዛል። በብዙ ክሊኒኮች «ሶናር» የሚባለው የአልትራሳውንድ ምርመራና «ረስም ቀልብ» የሚባለው የልብ ምርመራ ይገኛሉ። የደም፣ የሽንትና የሰገራ ምርመራ «ተሓሊል» ይባላል፤ ራጅ ደግሞ «አሺዓ» ነው፤ እነዚህ ብዙውን ጊዜ በሌላ ቤት ተሠርተው ውጤታቸው ለሐኪሙ ይቀርባል።

ክፍያውን በተመለከተ ሦስት ቃላትን ማወቅ ይጠቅማል። «ከሽፍ» የመጀመሪያው ምርመራ ዋጋ ነው። «ከሽፍ ሙስተዕጀል» ወረፋ ሳይጠብቁ ለመግባት የሚከፈል ከፍ ያለ ዋጋ ሲሆን፣ ሕመሙ ካላጣደፈ በቀር መክፈል አያስፈልግም። «ኢዓዳ» ወይም «ኢስቲሻራ» የሚባለው ደግሞ የምርመራ ውጤት ይዞ ወደዚያው ሐኪም መመለስ ነው። ይህ ሐኪሙ በወሰነው ቀን ውስጥ ከሆነ በነፃ ወይም በጥቂት ገንዘብ ይፈጸማል፤ ቀኑ ካለፈ ግን እንደ አዲስ ያስከፍላል። ስለዚህ ከክሊኒኩ ከመውጣታችሁ በፊት «ኢዓዳው እስከ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሐኪሙ የሚጽፈው የመድኃኒት ማዘዣ «ሮሸታ» ይባላል። በግብፅ የመድኃኒት ዋጋ በካርቶኑ ላይ ታትሞ ስለሚገኝ ከታተመው በላይ አትክፈሉ። ከዚህ ቀደም የምትወስዱት መድኃኒት ካለ የንግድ ስሙ ከአገር አገር ስለሚለያይ ካርቶኑን ይዛችሁ ቅረቡ። የሌላ ሰው ማዘዣ ይዞ ወይም በጓደኛ ምክር ብቻ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው።

ለሐኪሙ ሊነገሩ የሚገባቸው ነገሮች

ከኢትዮጵያ በቅርቡ የመጣ ወይም ለዕረፍት ሄዶ የተመለሰ ሠራተኛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው፣ ከኢትዮጵያ መምጣቱን ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ግብፅ ከወባ ነፃ መሆኗን አረጋግጧል። በዚህም ምክንያት የካይሮ ሐኪም ትኩሳት ሲያይ ወባን ቀድሞ ላያስብ ይችላል፤ ወባ ግን በጊዜው ካልታከመ ለሞት ያደርሳል።

እንዲሁም ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ የታየበት ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። ይህ በሽታ በመደበኛ ሕክምና በስድስት ወር የሚድን ነው፤ መደበቅ ግን ታማሚውንም አብረውት የሚኖሩትንም ይጎዳል። እርጉዝ የሆነች ወይም እርጉዝ ልሆን እችላለሁ ብላ የምታስብ ሴት መድኃኒት ከመወሰዷና ራጅ ከመነሳቷ በፊት ለሐኪሙ ትንገር።

ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ

የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር 123 ነው፤ በዓረብኛ «ኢስዓፍ» ይባላል። የግብፅ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 በድንገተኛ ሁኔታ ወይም ለሕይወት በሚያሰጋ ጊዜ ለማንኛውም ሰው ሕክምና መንፈግን ወንጀል ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ውሳኔ ቁጥር 1063 ደግሞ የመንግሥትም ሆኑ የግል ሆስፒታሎች ለድንገተኛ ታማሚ የመጀመሪያዎቹን 48 ሰዓታት ሕክምና ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ያዝዛል። ከዚያ በኋላ ታማሚው በራሱ ወጪ እዚያው መቆየት ወይም ወደ መንግሥት ሆስፒታል መዛወር ይችላል። ስለዚህ የመኪና አደጋ፣ ከፎቅ መውደቅ፣ ከባድ ቃጠሎ ወይም ብዙ ደም መፍሰስ ሲያጋጥም «ገንዘብ የለኝም» በሚል ምክንያት ቤት መቅረት አይገባም። ክፍያ አስቀድሞ የሚጠየቅ ከሆነ ይህን የውሳኔ ቁጥር መጥቀስ ይቻላል።

ወጪውን ማን ይሸፍናል?

ለዚህ ጥያቄ መልሱ መጀመሪያ የሚፈለገው በሥራ ውላችሁ ውስጥ ነው። በግብፅ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሠራተኛ ሕግ ቁጥር 14 በኩባንያና በፋብሪካ የሚሠሩትን ይመለከታል፤ የቤት ውስጥ ሠራተኞችን ግን፣ ከእርሱ በፊት እንደነበረው የ2003 ሕግ ቁጥር 12፣ ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል። በመሆኑም ለቤት ሠራተኛ በጽሑፍ የተደረገ ውል ዋነኛ መከታ ነው። በአገራችንም የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን የሚገዙት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 ናቸው።

ውሉን ስትፈርሙ ወይም ስታድሱ አራት ነገሮች በግልጽ መጻፋቸውን አረጋግጡ፤ የሕክምናና የመድኃኒት ወጪ የማን እንደሆነ፣ ኢንሹራንስ ካለ የትኞቹን ክሊኒኮች እንደሚያካትት፣ የሕመም ፈቃድ ስንት ቀን እንደሆነና ደመወዙ እንደሚከፈል ወይም እንደማይከፈል፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂው ማን እንደሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ሕግ ቁጥር 2 የተቋቋመው የግብፅ አጠቃላይ የጤና መድን በፖርት ሰዒድ ተጀምሮ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር በደረጃ የሚስፋፋ ሲሆን፣ ካይሮ የተመደበችው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ስለዚህ በዚህ መድን ተማምኖ ውል መፈረም አይገባም።

የታማሚው ምሥጢርና ክብር

ብዙ ሠራተኞች ወደ ሐኪም የሚሄዱት ከአሠሪያቸው ጋር ነው። አሠሪው ወይም እመቤቲቱ ማስተርጎማቸው መልካም ቢሆንም፣ በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ከሐኪሙ ጋር ብቻችሁን መነጋገር መጠየቅ ነውር የለበትም። የግብፅ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 310 በሙያው ምክንያት ያወቀውን የታማሚ ምሥጢር ያለ ሕግ ፈቃድ የሚገልጥ ሐኪም እንዲቀጣ ይደነግጋል። ስለ ድብደባ፣ ስለ ጥቃት ወይም ስለ እርግዝና መናገር የፈለገች እህት «ዓውዛ አተከለም መዓ ድዱክቱር ሊወሕዲ» ብትል፣ «ከሐኪሙ ጋር ብቻዬን መነጋገር እፈልጋለሁ» ማለት ነው።

ለሥራ ፈቃድ በመንግሥት የሚጠየቀው ምርመራ አንድ ነገር ነው፤ አሠሪ በራሱ ፍላጎት የሚያዝዘው ምርመራ ሌላ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 201 የቤት ሠራተኛ የኤች አይ ቪ ወይም የእርግዝና ምርመራ እንድታደርግ መገደድ እንደሌለባት አመልክቷል። በዚያው ዓመት የወጣው ስምምነት ቁጥር 189 ደግሞ ሠራተኛ ፓስፖርቱን በእጁ የመያዝ መብት እንዳለው ይናገራል። ሆስፒታል ሲገባ መታወቂያ ስለሚጠየቅ፣ ፓስፖርታችሁ በሌላ ሰው እጅ ቢሆን እንኳ የፓስፖርቱና የመኖሪያ ፈቃዱ ቅጂ በስልካችሁ ውስጥ ይኑር።

ማስረጃን ስለ መያዝ

መብትን የሚያስከብረው ወረቀት ነው። ከታከማችሁ በኋላ ሮሸታውን፣ «ኢሳል» የሚባለውን ደረሰኝና የምርመራውን ውጤት አትጣሉ። ሐኪሙ ዕረፍት ካዘዘ «ተቅሪር ጢቢ» የሚባለውን የሕክምና ማስረጃ ማኅተም የተደረገበትና ቀን የተጻፈበት አድርጋችሁ ተቀበሉ። መታመማችሁን ለአሠሪያችሁ በቃል ብቻ ሳይሆን በስልክ መልእክት ጭምር አሳውቁ፤ የላካችሁትንም አታጥፉ። ደመወዝ ቢቆረጥ፣ ሕክምና ቢከለከል ወይም በሕመም ምክንያት ከሥራ ብትባረሩ፣ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ስትቀርቡ እነዚህን ወረቀቶችና የውላችሁን ቅጂ ይዛችሁ ኑ። ያለ ማስረጃ የቀረበ አቤቱታም ይደመጣል፤ ማስረጃ ያለው ግን ቶሎ መፍትሔ ያገኛል።

በመጨረሻም፣ ጤነኛ ሳላችሁ በሰፈራችሁ ያለውን ክሊኒክ፣ የሚከፈትበትን ሰዓትና የከሽፉን ዋጋ አጣርታችሁ ያዙ። ለብቻዋ በሰው ቤት ለምትሠራ እህታችሁም ይህን ጽሑፍ አንብቡላት፤ 123 የሚለውን ቁጥርም በስልኳ መዝግቡላት።