የጭቃ ጎማ

የጭቃ ጎማ ለጭቃና ለለስላሳ አፈር መንገድ የሚሠራ የመኪና ጎማ ዓይነት ነው። ብዙውን ጊዜ በጎኑ ላይ «ኤም/ቲ» የሚል ምልክት በላቲን ፊደላት ይጻፍበታል። ጥርሶቹ ትልልቅ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ሰፊ ስለሆነ ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን አራግፎ እንደገና መሬት ይይዛል። የተራ ጎማ ጥርስ ግን እንደ መረሬ ባለ ተጣባቂ ጥቁር አፈር ላይ ቶሎ ተደፍኖ ይንሸራተታል።

ይኸው ክፍተት በአስፋልት ላይ ጉዳት አለው። መንገዱን የሚነካው ላስቲክ ስለሚያንስ፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል። ድምፁ ይበዛል፤ ነዳጅ ይበላል፤ ጥርሱም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በአስፋልትና በፒስታ ለሚሄድ ፒክአፕ፣ ለሁለቱም የሚሆነው «ኤ/ቲ» ጎማ ይሻላል።

አመራረጥ

* ልክ፦ በ«265/70 አር 16» ጎማ ላይ 265 ወርዱ በሚሊሜትር፣ 70 የጎኑ ከፍታ ከወርዱ በመቶኛ፣ 16 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ከመኪናው ልክ ከፍ ያለ ጎማ ሲገጠም የፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ያሳያል።
* ዕድሜ፦ በጎማው ጎን ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የተመረተበትን ጊዜ ይነግራል። «2319» ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 23ኛው ሳምንት ነው።
* እኩልነት፦ በባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና አራቱም ጎማዎች አንድ ልክ መሆን አለባቸው፤ አለበለዚያ ካምቢዮና ዲፈረንሻል ይጎዳሉ።