ከጆሃንስበርግ ወደ ኮልፌ የሄዱት የ43 ዓመት ተማሪ

ሐምሌ ውስጥ፣ የዚህ አገር ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን፣ የአንድ ወዳጄን ልጅ ለመቀበል ኦ አር ታምቦ አውሮፕላን ጣቢያ ሄጄ ነበር። ልጁ ለማስተርስ ትምህርት ነው የመጣው። ሻንጣውን ለእኔ ለቆ አንድ የላስቲክ ፎልደር ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ። የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ፣ የተማሪ ቪዛው ኮፒ፣ የጤና መድን ወረቀቱ፣ የክፍያ ደረሰኙ ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። መኪናዬ ጋ ስንደርስ የተሳፋሪ መስሎት የሾፌሩን በር ከፈተ። ሁላችንም የመጀመሪያ ቀን ያደረግነው ነውና አልሳቅሁበትም።

«ጋሼ፣ ታምቦ ማን ነው?» አለኝ መንገድ ላይ። ከማንዴላ ጋር የሕግ ቢሮ የነበራቸው ሰው ናቸው፣ ጣቢያው በ2006 በስማቸው ተጠራ፣ አልኩት (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ቆመ።

ምሳ ለመብላት ጄፒ ወረድን። መንገዱ ራሂማ ሙሳ ከተባለ ቆይቷል፤ እኛ ግን ጄፒ ማለታችንን አልተውንም። እንጀራው ሳይቀርብ ምክሩ ቀረበ። አንዱ ስልክህን መንገድ ላይ አታውጣ ይለዋል፤ ሌላው ፓስፖርትህን ኮፒውን እንጂ ዋናውን አትያዝ ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ በ2008 ከ60 በላይ ሰዎች የተገደሉበትን ግንቦት ያወራለታል። ምክሩ ሁሉ እውነት ነው። ልጁ ግን ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። «እና እነዚህ ሰዎች አይወዱንም ማለት ነው?» አለ።

ያን ጊዜ ነው የታምቦን ጓደኛ ታሪክ ያነሳሁለት።

ከጄፒ በእግር ብዙም ሳይርቅ፣ ፎክስ ጎዳና ላይ፣ ማንዴላና ታምቦ በ1952 የከፈቱት የጥብቅና ቢሮ የነበረበት ሕንፃ አለ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጥር 1962፣ ማንዴላ ያለ ፓስፖርት በቤችዋናላንድ፣ በዛሬዋ ቦትስዋና፣ በኩል ድንበር ተሻገሩ። አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ነበር፤ ታምቦም እዚያው ነበሩ። ካርቱም ላይ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሳፈሩ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አይተው ለቅጽበት ደነገጡ። ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል ብለው። ወዲያው ግን የአፓርታይድ አስተሳሰብ በራሳቸውም ውስጥ መግባቱን ታዘቡ። ይህን ያሙዋቸው ሌሎች ሳይሆኑ እሳቸው ራሳቸው ናቸው በግል ታሪካቸው የጻፉት።

ብዙ አገር ዞረው፣ ለንደንም ደርሰው፣ በሰኔ ማብቂያ ገደማ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። አሁን ተማሪ ሆነው ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰው በመኪና ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ካምፕ አደረሳቸው። እስቲ አስቡት፤ የ43 ዓመት ጠበቃ፣ የአምስት ልጆች አባት፣ የኮልፌ ክረምት ውስጥ ሲገባ። ቦክስ ይችላሉ፤ ስለ ውትድርና ግን ሀ ሁ አያውቁም። አሠልጣኛቸው ጣሊያንን በአርበኝነት የተዋጋ መቶ አለቃ ነበር። ማንዴላ ስሙን «ወንዶኒ በፈቃዱ» ብለው ጽፈውታል፤ ወንድሙ ለማለት ይመስለኛል። ትምህርቱ በእኛ ሰዓት ከጧቱ ሁለት እስከ ሰባት፣ ከምሳ በኋላም ከስምንት እስከ አሥር ነው። ከዚያ ማረፍ የለም፤ እስከ ምሽት የጦር ትምህርት ንግግር ይከተላል። ንግግሩን የሚሰጡት ምክትል የፖሊስ ኮሚሽነሩ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። እኚህን መምህር በ1975 ደርግ ረሽኗቸዋል።

ኮርሱ ስድስት ወር ነበር፤ አልጨረሱትም። ድርጅታቸው በአስቸኳይ ና ብሎ ቴሌግራም ላከ። ኮሎኔል ታደሰ ሲሸኟቸው አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጧቸው። ዳሬሰላም ሲደርሱ ሊሠለጥኑ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱ 21 ወጣቶች ተሰልፈው ጠበቋቸው፤ ከራሳቸው ወታደር ሰላምታ ሲሰጣቸው የመጀመሪያው ነበር።

የሄዱበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ደግሞ በዴቪድ ሞትሳማዪ ስም የተሰጣቸው ነው። ወረቀት የሚሉት ነገር ለእኛ ብቻ የተፈጠረ የሚመስለን ካለን ይህን ልብ እንበል። ነሐሴ 5 ቀን 1962 ሐዊክ አጠገብ ተያዙ። ኅዳር 7 የተፈረደባቸው አምስት ዓመት ነው፤ ሦስቱ ሠራተኛ ለአድማ ቀስቅሰሃል ተብሎ፣ ሁለቱ ግን ያለ ሕጋዊ የጉዞ ሰነድ ከአገር ወጥተሃል ተብሎ። ከሮበን ደሴት በፊት፣ ከሪቮኒያው የዕድሜ ልክ ፍርድ በፊት፣ ማንዴላ በፓስፖርት ጉዳይ እስረኛ ነበሩ።

ልጁ ፎልደሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና መብላት ጀመረ። «ይሄን እዚህ ሰው ያውቀዋል?» አለኝ። ሱቅ ውስጥ ለአንድ ደንበኛዬ ነግሬው እንደማያውቅ፣ እንዳላመነኝም፣ በሳምንቱ ግን አያቱን ጠይቆ ተመልሶ መጥቶ እጄን እንደ ጨበጠኝ ነገርኩት። ዕቃውን ግን ያለ ቅናሽ አልገዛም።

ማታ ወደ ማደሪያው ስወስደው ስለ ሽጉጡ ጠየቀኝ። ሪቮኒያ፣ ሊሊስሊፍ እርሻ ውስጥ ተቀብሮ ነበር፤ ማንዴላ በዚያው ሞትሳማዪ በሚለው ስም የቤት ሠራተኛ መስለው የተደበቁበት ቦታ ነው። ፖሊስ በሐምሌ 1963 እርሻውን ወረረ፤ ሽጉጡን ግን አላገኘም። ከብዙ ዓመት በኋላም ተቆፍሮ ተፈልጎ ታጣ። እርሻው ዛሬ ግንብና ቪላ ከቦታል። ሪቮኒያ አካባቢ ግንባታ የምትሠሩ የአገር ልጆች፣ መሠረት ስትቆፍሩ መሬቱን አየት አድርጉት፤ የኮልፌ ዕቃ ነው።