ሰውነት ሲንቀጠቀጥ፦ ድንጋጤን በእንቅስቃሴ ማርገብ ይቻላልን?



“እባብ ያየ በልጥ በረየ” ይላሉ አበው። በጦርነትና በስደት መንገድ ያለፈ ሰው በር በነፋስ ሲላተም ዘሎ ቢነሣ፣ ሌሊት እየባነነ ቢጮኽ፣ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ቢሄድበት ሰነፍ ወይም ፈሪ ሆኖ አይደለም። አደጋው ቢያልፍም ሰውነቱ ገና ዘብ እንደቆመ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሰውነት ለምን እንደሚንቀጠቀጥ፣ በመንቀጥቀጥ ልምምድ ድንጋጤን ማርገብ ይቻላል ስለሚባለው ዘዴና መደረግ ስላለበት ጥንቃቄ እንመለከታለን።

መንቀጥቀጥ ከየት ይመጣል?

አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ አደጋ ሲመጣ ሰውነት ለመታገል ወይም ለመሸሽ ይዘጋጃል። ከኩላሊቶቻችን በላይ የሚገኙ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ድው ድው ይላል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ብዙ ደም ወደ እግርና ወደ ክንድ ጡንቻዎች ይሄዳል፤ ጡንቻዎችም ይወጠራሉ። “ጉልበቴ ተብረከረከ” የምንለው በዚህ ጊዜ ነው። እንግዲህ ከድንጋጤ በኋላ መንቀጥቀጥ የሰውነት ተፈጥሯዊ ሥራ እንጂ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ዘዴው ምንድን ነው?

ፒተር ሌቪን የተባሉ አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት መጽሐፍ፣ ከአዳኝ ያመለጠ የዱር እንስሳ ተንቀጥቅጦ ወደ መንጋው ይመለሳል፤ ሰው ግን መንቀጥቀጡን አፍኖ ስለሚይዝ ውጥረቱ በሰውነቱ ይቀራል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሌላው አሜሪካዊ ዴቪድ በርሴሊ ደግሞ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ ጦርነት ባለባቸው አገሮች ከሠሩ በኋላ፣ ለብዙ ሰው በአንድነት ሊሰጥ የሚችል የእግር እንቅስቃሴ አዘጋጅተዋል። ቅደም ተከተሉ ባጭሩ የሚከተለው ነው።

1. ቆማችሁ ተረከዛችሁን ቀስ እያላችሁ ከፍና ዝቅ አድርጉ። ጡንቻው እስኪደክም ደጋግሙት።

2. ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ፣ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ይመስል ጉልበታችሁን አጥፉ። ጭናችሁ ሲንቀጠቀጥ ጥቂት ቆዩ። ሕመም ከተሰማችሁ ከፍ በሉ።

3. ምንጣፍ ላይ በጀርባችሁ ተኙ። የሁለቱን እግር ውስጥ እግር አጋጥማችሁ ጉልበታችሁን ወደ ግራና ቀኝ ክፈቱ። ከዚያ ጉልበቶቻችሁን ቀስ በቀስ አቀራርቡ። እግራችሁ በራሱ መንቀጥቀጥ ቢጀምር ተዉት፤ ባይጀምር አታስገድዱት።

4. ለማቆም እግራችሁን ዘርግታችሁ ዕረፉ። ለጀማሪ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ብቻችሁን ሆናችሁ አትጀምሩ። ዘዴውን የተማረ ሰው አጠገባችሁ ይኑር። ያልፈለገ ልጅም አይገደድ።

ምን ያህል ይረዳል?

አንዳንድ ሰዎች ከልምምዱ በኋላ ሰውነታቸው እንደሚላላና እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው ይናገራሉ። ይሁን እንጂ በዘዴው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂት ናቸው። ድንጋጤ እንደ ዕቃ በጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ በመንቀጥቀጥ ይወጣል የሚለው አባባልም አልተረጋገጠም። ትዝታን የሚይዘውና “አደጋ አለ” ብሎ ጡንቻን የሚያዘው አንጎል ነው። ስለዚህ ልምምዱን እንደ ማረፊያ እንጂ እንደ ፈውስ አትቁጠሩት።

የተሻለ ማስረጃ ያለው በሠለጠነ ሰው ፊት ያለፈውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሥርዓት መተረክ ነው። በዑጋንዳ በናኪቫሌ የስደተኞች ሰፈር በሩዋንዳና በሶማሊያ ስደተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ይህ ዘዴ እንደረዳቸው አሳይቷል። ምክሩን የሰጡትም ሐኪሞች ሳይሆኑ ለዚሁ የሠለጠኑ የሰፈሩ ስደተኞች ነበሩ።

ጥንቃቄ

ነፍሰ ጡር ሴት፣ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ ይህን ልምምድ አይሥራ። በመካከሉ ክፉ ትዝታ ቢመጣባችሁ ወይም ያላችሁበት ቦታ ቢጠፋችሁ ወዲያው አቁሙ። ዓይናችሁን ክፈቱ፤ እግራችሁን መሬት ላይ አስረግጡ፤ በዙሪያችሁ የምታዩትን አምስት ነገር በስሙ ጥሩ።

መንቀጥቀጥ ሁሉ ከድንጋጤ አይመጣም። ትኩሳት ያለበት ብርድ ብርድ ማለት የወባ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ራሱን ስቶ ወድቆ የሚንፈራገጥ ልጅም ምርመራ ያስፈልገዋል። ጸሎትም ሆነ ጠበል ብታዘወትሩ የታዘዘለትን ክኒን አታስቋርጡት።

ለወላጆች

ልጃችሁ በድንጋጤ ሲንቀጠቀጥ “ዝም በል፣ ወንድ አይደለህም?” አትበሉት። አጠገቡ ተቀመጡ፤ በለሰለሰ ድምፅ አሁን ያለበትን ቦታና ከማን ጋር እንዳለ ንገሩት። ሌሊት ሽንቱ ቢያመልጠው አትምቱት፤ በሰው ፊትም አታሳፍሩት። ያየውን እንዲናገር አታስጨንቁት፤ ሊናገር ሲፈልግ ግን ሥራችሁን አቁማችሁ ስሙት። የመኝታ ሰዓት፣ ትምህርትና ጨዋታ በየቀኑ አይታጎሉበት። ኳስም ሆነ ገመድ ዝላይ ሰውነትን ያላላል።

ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ወይም “ብሞት ይሻለኛል” ካለ ብቻውን አትተዉት። ዛሬውኑ ለመምህሩ ወይም ለጤና ሠራተኛ ንገሩ። እናንተም ወላጆች በዚያው መንገድ አልፋችሁ መጥታችኋልና፣ እንቅልፍ ካጣችሁ ለራሳችሁም እርዳታ ጠይቁ።