የሌሊት ወፍና የደብሩ ዛፍ

በደቡብ ጎንደር ደን ማየት የሚፈልግ ሰው ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወርድ ዓለም ሳጋን ያገኛል። ከዚያ ውጪ ያለው የጥንት ዛፍ በአብዛኛው የተረፈው በየደብሩ ቅጥር ውስጥ ነው። የሌሊት ወፍም መጠለያና ምግብ ከዚሁ ታገኛለች።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያዎች ያሉበትን ሁኔታ በቀይ መዝገብ ይመዘግባል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚገኙት መካከል የግብፅ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ «ብዙም አያሰጋም» ተብላለች። ገለባማ ቀለም ያላት ትልቋ ፍራፍሬ በል ግን ለአደጋ ከተቃረቡት ጎራ ገብታለች። ደረጃው የሚሰጠው ዝርያው በሚኖርበት አገር ሁሉ ያለው ሁኔታ ታይቶ ስለሆነ፣ ከአንድ ወረዳ ጨርሳ ብትጠፋ እንኳ መዝገቡ ላይለወጥ ይችላል። አብዛኞቹ ዝርያዎች በዓመት አንድ ብቻ ስለሚወልዱ የተጎዳ መንጋ ቶሎ አያገግምም።

ሾላ በሚያፈራበት ወቅት በማለዳ ከዛፎች ሥር የታኘከና የተተፋ ቃጫ ወድቆ ይታያል። የሌሊት ወፍ ጭማቂውን መጥጣ የተፋችው ነው። ደቃቃዎቹን ዘሮች ግን ውጣ፣ ስትበር ከእናት ዛፉ ርቃ ትጥላቸዋለች። ነፍሳት በል ዘመዶቿ ደግሞ ሌሊቱን የእሳት እራትና ሌላም በራሪ ሲለቅሙ ያድራሉ። ባሕር ዛፍ የሚበላ ፍሬ የለውም፤ ቶሎ ስለሚቆረጥም ለማደሪያ የሚሆን ዋሻማ ግንድ አያበጅም። በአሮጌ ወይራና ሾላ ምትክ ባሕር ዛፍ ሲተከል ደኑ ከሩቅ አረንጓዴ ይመስላል እንጂ ለእሷ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት ከብት የሚገባበት ደን ችግኝ እንደማይተካ አሳይተዋል። በአንዳንድ አድባራት ዙሪያ የድንጋይ ካብ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ጥበቃም ይህ ይመስለኛል።

በሽታ የሚፈራ ሰው አልተሳሳተም፤ የግብፅ ፍራፍሬ በሏ የማርበርግ ቫይረስ ተሸካሚ ናት። መፍጀት ግን አያድንም። በኡጋንዳ ኪታካ ማዕድን ማውጫ የነበሩት እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ተፈጁ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ቦታውን ዳግም የያዙት ሲመረመሩ ቫይረሱ የተገኘባቸው ድርሻ ከቀድሞው በእጥፍ በልጦ ነበር።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ አሮጌውን ዛፍ አታስቆርጡ፣ ካቡንም አጠናክሩ። ወላጆችም ልጆቻችሁ የሌሊት ወፍ በእጃቸው እንዳይነኩ፣ የቀመሰችውንም ፍሬ እንዳይበሉ ንገሯቸው፤ ማደሪያዋን ግን በጭስ አታጥኑባት።