አቧራው ምን ተሸክሟል?

«አቧራው አለርጂ አስያዘኝ» የሚለው አባባል ከአዲስ አበባ እስከ ሱዳኗ ገዳሪፍ ስለሚሰማ እውነት መስሏል፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ከትግራይ ለተሰደዱ ሰዎች የተከፈተው የቱነይድባ መጠለያ ያለበት የገዳሪፍ ሜዳ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሚያጣብቅ ዋልካ አፈር ነው። የዚህ አፈር ብናኝ ዓይን ያቀላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል፤ የማገዶ ጭስም እንዲሁ። ይህ ግን መቆጥቆጥ እንጂ አለርጂ አይደለም (ሁለቱን አንድ አድርጎ መጥራት በየክሊኒኩም ይሰማል)። አለርጂ የሚባለው ሰውነት አንድን ባዕድ ነገር ለይቶ «አይጂኢ» የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ሲያመርትበት ነው። ከአየር ከምንስበው መካከል ደግሞ ሰውነት እንዲህ ለይቶ የሚይዘው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ፕሮቲን ነው። አፈር በራሱ ፕሮቲን አይደለም፤ ጥያቄው የተሸከመው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ከራሷ ከሱዳን የተሻለ ምስክር አይገኝም። በዓባይ ዳርቻ «ኒሚቲ» የምትባል አረንጓዴ ትንኝ አለች። አትናከስም፤ በመንጋ ስትነሳ ግን ብዙ ሰው ታፍናለች። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ጥናት በእሷ ላይ የተመረተ አይጂኢ በሰሜን ሱዳን ነዋሪዎች ዘንድ በስፋት መኖሩን አሳየ። ኋላ ጥፋተኛው ሄሞግሎቢን መሆኑ ታወቀ፤ እጯ ኦክስጅን ባነሰው ጭቃ ውስጥ ለመኖር የምትጠቀምበት ፕሮቲን ነው። ትንኟ ሞታ ስትደርቅ ተፈርፍራ ከአቧራው ጋር ትነፍሳለች፤ ተወቃሹም አቧራው ይሆናል።

ታዲያ ከምንስበው እልፍ ፕሮቲን ጥቂቱ ብቻ ለምን አለርጂ ያመጣል? ትንሽ መሆንና በንፍጥ ውስጥ ቶሎ መሟሟት ይረዳል፤ ዋናው ነገር ግን መቁረጥ መቻል ይመስለኛል። በፍራሽ ውስጥ የምትኖረው፣ በዓይን የማትታየው ዳስት ማይት በኩሷ ውስጥ «ደር ፒ 1» የተባለ ኢንዛይም ትጥላለች። የምግብ ፕሮቲን የሚቆራርጠው ይህ ኢንዛይም የአየር ቧንቧችን ላይ ሲያርፍ የገጹን ሕዋሳት ያያያዙትን ፕሮቲኖች እንደ ስፌት ክር ይተረትራል። ሽፋኑ ይሳሳል፤ የተጎዱት ሕዋሳት ኢንተርሊዩኪን-33ን የመሰሉ የአደጋ መልእክቶችን ይለቃሉ፤ መልእክቱ የደረሳቸው የመከላከያ ሕዋሳት ወደ አይጂኢ ምርት ያዘነብላሉ። አይጂኢው ማስት ሴል በተባሉት ሕዋሳት ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል፤ ያው ፕሮቲን ሲመለስ ሂስታሚን ይፈስሳል፣ ቧንቧውም ይጠብባል። ይህ መንገድ ለትል የተሠራ ይመስላል፤ ትሎችም ወደ ሰውነት የሚገቡት በኢንዛይም እየቆረጡ ነውና። በማሽላና በሰሊጥ ላይ የሚበቅለው አልተርናሪያ የተባለ ሻጋታም እንዲሁ ቆራጭ ኢንዛይም ስላለው ያንኑ መልእክት ያስለቅቃል።

«የኒሚቲ ሄሞግሎቢን ምን ይቆርጣል?» ቢባል ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ምንም አይቆርጥም። የድመት ዋና አለርጂ አምጪ ፕሮቲንም ኢንዛይም አይደለም። የዳስት ማይት ሁለተኛው ፕሮቲን፣ «ደር ፒ 2»፣ ደግሞ ባክቴሪያን የሚያስታውቀንን የራሳችንን ፕሮቲን በመምሰል ነው የሚያደናግረው። ስለዚህ መቁረጥ አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው አይደለም። ፕሮቲኑ ብቻውንም አይበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የጅማ ጥናት በቆዳ ምርመራ ለዳስት ማይት መቆጣት በከተማው ከአስም ጋር ሲያያዝ በገጠሩ አለመያያዙን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 እዚያው ጅማ ላይ ሁክወርም የተባለው የአንጀት ትል ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ከሌሎቹ ባነሰ መጠን እንደሚታይ ተገኘ። ከዚህ ተነስቶ የትል መድኃኒት ይቅር የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ሆን ተብሎ ሁክወርም የተሰጣቸው የአስም ሕሙማን ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላሳዩም፤ ትሉ ግን ደም ያሳንሳል።

ስለዚህ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሕመሙ መቼ እንደሚነሳበት ያስተውል፦ እህል ሲወቃ ነው፣ እርጥብ ሣር ሲነካ ነው ወይስ መኝታ ላይ? ለሐኪም ከ«አቧራ ነው» ይልቅ ይህ መልስ ይጠቅማል። የመኝታ ልብስን በፍል ውኃ ማጠብ የማይቱን ፕሮቲን ይቀንሳል፤ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ግን ሕክምና ይፈልጋል፣ አቧራው እስኪበርድ አይጠበቅም።