ለሩቅ ኮከብ የተለካ መስታወት

የቴሌስኮፕ ካሜራ ቀለም አያውቅም። ሌሊቱን ሙሉ የደረሰውን የብርሃን ቅንጣት ይቆጥራል እንጂ ሰማያዊ ይሁን ቀይ ለእሱ ያው ነው። ቀለሙን የሚለይለት ከፊቱ የሚቆመው ማጣሪያ ነው፤ የተወሰነ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ብቻ አሳልፎ ሌላውን የሚመልስ መስታወት። የጽንፈ ዓለምን መስፋፋት በሱፐርኖቫ የሚለኩ ተመራማሪዎች ገና ሥራ ሳይጀምሩ የሚጨነቁት በዚህ መስታወት ምርጫ ነው፤ ጭንቀታቸውም ተገቢ ነው።

የሚፈልጉት ዓይነት 1ኤ የተባለውን ሱፐርኖቫ ነው። ነጭ ድንክ የሚባለው፣ ነዳጁን ጨርሶ የተጨመቀ ኮከብ ሲፈነዳ የሚወጣው ብርሃን ከአንዱ ፍንዳታ ወደ ሌላው ብዙም አይለያይም። ቀስ ብሎ የሚደበዝዘው ይበልጥ ደማቅ መሆኑን የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ማርክ ፊሊፕስ በ1993 እ.ኤ.አ. ካሳየ ወዲህ ደግሞ የቀረውን ልዩነት ማረም ተቻለ። ነገሩ እንደ አምፖል ነው፤ ጉልበቱን ካወቅን፣ ደብዝዞ ስናየው ምን ያህል እንደራቀ ማስላት እንችላለን።

ችግሩ ብርሃኑ በመንገድ ላይ ሳለ ህዋው ራሱ መለጠጡ ነው። ከፍንዳታው ወዲህ ጽንፈ ዓለም አንድ ተኩል እጥፍ ከሰፋ፣ ሲነሳ 440 ናኖሜትር የነበረው ሰማያዊ ብርሃን እኛ ዘንድ ሲደርስ 660 ናኖሜትር ሆኖ ቀልቷል። ቅርቡንም ሩቁንም በአንድ ሰማያዊ ማጣሪያ የለካ ሰው እንግዲህ የአንዱን ሰማያዊ ከሌላው አልትራቫዮሌት ጋር እያወዳደረ ነው። በአልትራቫዮሌት ደግሞ ሱፐርኖቫው ደካማ ነው፤ ብረትና ብረት መሰል ንጥረ ነገሮች ብርሃኑን ይውጡታል። ስለዚህ ሩቁ ኮከብ ከእውነተኛ ቦታው አልፎ የሄደ ይመስላል።

በብሪያን ሽሚት የሚመራው ቡድን ለዚህ ያበጀው መላ እስካሁን ይማርከኛል። መስታወቱን ለሩቁ ኮከብ በልኩ አሠሩት። ቢ45 ያሉት ማጣሪያ፣ የተለመደው ሰማያዊ ማጣሪያ በ45 በመቶ ቢለጠጥ የሚይዘውን ክልል የሚያሳልፍ ነው። ሱፐርኖቫ 1995ኬ ብርሃኑ በ48 በመቶ ያህል ተለጥጦ ነበርና እንዲህ ያለው መስታወት ለእሱ ይቀርበዋል። የቀረችውን ልዩነት በስሌት ማረም ይቻላል፤ የስሌቱን መንገድ አሌክስ ኪም፣ አሪየል ጉባር እና ሶል ፐርልሙተር በ1996 አቅርበውታል። በ1998 ይህን ቡድን ጨምሮ ሁለት ቡድኖች ሩቆቹ ሱፐርኖቫዎች ከተጠበቀው ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህል ደብዝዘው እንዳገኟቸው ሲገልጹ፣ የጽንፈ ዓለም መስፋፋት እየፈጠነ መሄዱ ታወቀ። የ2011 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለዚህ ግኝት ነው።

አንድ ማጣሪያ ብቻውን ግን አይበቃም። በመንገድ ያለው አቧራ ሰማያዊውን ይበልጥ ያስቀራል፤ ምሽት ላይ ፀሐይ የምትቀላውም ሰማያዊው ብርሃኗ በአየር ውስጥ ይበልጥ ስለሚበተን ነው። ኮከቡ የደበዘዘው ርቆ ነው ወይስ አቧራ ጋርዶት? ይህን ለመለየት ቢያንስ በሁለት ቀለም መለካት ግድ ይላል።

የመስታወቱን ጠርዝ ማወቅ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። የሱፐርኖቫ ብርሃን ልሙጥ ሳይሆን ኮረብታና ሸለቆ የበዛበት ነው፤ 615 ናኖሜትር አካባቢ ሲሊከን የቆፈረው ጥልቅ ሸለቆ አለ። ማጣሪያው የሚያበቃበት ቦታ በጥቂት ናኖሜትር ከተሳተ አንድ ሸለቆ በከፊል ይገባል ወይም ይወጣል። ማጣሪያው የሚሠራው በመስታወት ላይ እጅግ ስስ ንብርብሮችን በማንጠፍ ስለሆነ ከመሃሉ እስከ ዳሩ እኩል ማድረግ ይከብዳል። በሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ በሚገኘው የካናዳ፣ የፈረንሳይና የሃዋይ ቴሌስኮፕ ይህ በግልጽ ታይቷል። እዚያው ይካሄድ የነበረው የሱፐርኖቫ ቅኝት ሳይጠናቀቅ፣ በ2007 “አይ” የተባለው ማጣሪያ ተሰበረና ሌላ ተተካለት። የሚያሳልፉት ብርሃን ፍጹም አንድ ስላልነበረ ተመራማሪዎቹ አሮጌውንና አዲሱን እንደ ሁለት የተለያዩ ማጣሪያዎች ለየብቻ ማስላት ነበረባቸው።

ዛሬ በቺሊ ሴሮ ፓቾን ተራራ ላይ ያለው የቬራ ሩቢን የምልከታ ማዕከል ስድስት ማጣሪያዎች አሉት፤ ዩ፣ ጂ፣ አር፣ አይ፣ ዜድ እና ዋይ። ከአልትራቫዮሌት ጫፍ ጀምረው ዓይናችን ከሚያየው ቀይ አልፈው እስከ ታህታይ ቀይ ይደርሳሉ። ኮከቡ በራቀ ቁጥር ብርሃኑ ከአንዱ መስታወት ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። የእያንዳንዳቸው ስፋት 75 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን ካሜራው ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገቡት አምስቱ ናቸው። ጨረቃ ሰማዩን ስታበራ ይበልጥ የሚጎዳው የሰማያዊው ወገን ነውና “ዩ” ተራውን የሚያገኘው ጨረቃ በማትታይባቸው ሌሊቶች ነው። ሱፐርኖቫው ግን ጨረቃን አይጠብቅም፤ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ጎልቶ መደብዘዝ ይጀምራል። በአንድ ቀለም ብቻ ቢመላለሱበት አቧራውን አይለዩም፤ ስድስቱን ሁሉ ቢያፈራርቁ በእያንዳንዱ ቀለም የሚያገኙት ልኬት ይሳሳል። ማጣሪያ ለመቀየር ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ እያንዳንዳቸው ሙሉ ጨረቃን 40 ጊዜ ያህል የሚያክሉ ሦስት የሰማይ ክፍሎችን ፎቶ ማንሳት ይቻል ነበር።