በቶርኖ ለሚሠራ ብዕር ዕቃውን ስለ መምረጥ

ብዕር በኢትዮጵያ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ቁም ጸሓፊው ሸምበቆ ቆርጦ፣ ጫፉን በካራ አሹሎና ሰንጥቆ፣ ከጥላሸት የተሰናዳውን ጥቁር ቀለም እየጠቀሰ በብራና ላይ ሲጽፍ ብዙ ዘመን ኖሯል። ብዕሩ ሲደነዝዝ እንደ ገና ይቀርጸዋል፤ ሲያልቅም ሌላ ሸምበቆ ይቆርጣል። የዚያ ብዕር ትልቁ ጥቅም መተኪያው ከባለቤቱ እጅ የማይርቅ መሆኑ ነበር። ዛሬ ብዕር የሚያስመጣና የሚሸጥ ነጋዴም ከዚህ አሮጌ ልማድ የሚቀስመው ትምህርት አለ።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረው ታላቅ ገበያ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ አሁኑ መርካቶ ተዛወረ። ፒያሳ ግን የወርቅ ሠሪዎች፣ የመጻሕፍትና የጽሕፈት መሣሪያ ሻጮች ሰፈር እንደ ሆነች ቆየች። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ከአራዳና ከፒያሳ ብዙ ቤቶች ፈርሰው፣ ብዙ ነጋዴዎችም ስፍራ ለውጠዋል። ቢሆንም ለምረቃ፣ ለሹመት ወይም ለጡረታ መሸኛ የሚሆን ስጦታ ሲታሰብ ፒያሳን የሚያስታውስ ገዢ አሁንም ጥቂት አይደለም። ለእንዲህ ያለው ገዢ ሊቀርቡለት ከሚችሉት ዕቃዎች አንዱ ከአገር ውስጥ እንጨት ወይም ከቀንድ በቶርኖ የተሠራ ብዕር ነው።

የሥራው ሥርዓት እንዲህ ነው። እንጨቱ 19 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋትና ከ12 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁራጭ ይዘጋጃል። መካከሉ በፑንታ ይበሳና ቀጭን የነሐስ ቱቦ በማጣበቂያ ይገባበታል። ከዚያ በኋላ በቶርኖ ላይ እየዞረ ይቀረጻል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ በቫርኒሽ ወይም በሰም ይወለወላል። በመጨረሻም ጫፉ፣ ማዞሪያው፣ የኪስ ማያዣውና ክዳኑ ከቱቦው ጋር ተጭነው ይገጠማሉ። እነዚህ የብረት ክፍሎች ከነቱቦዎቻቸው በአንድ ጥቅል ሆነው ይሸጣሉ፤ ጥቅሉም በሙያው ኪት ይባላል። አብዛኞቹ ኪቶች የሚሠሩት በታይዋንና በቻይና ነው።

እንግዲህ እንጨቱም የእጁ ሥራም የአገር ውስጥ ሲሆን፣ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቀው ኪቱ ነው። የብረቱ ክፍል አንዴ ተጭኖ ከገባ በኋላ እንጨቱን ሳይሰነጥቁ ማውጣት አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ያልተስማማ ኪት የመረጠ ነጋዴ የሚከስረው የኪቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የባለሙያውን ድካም ጭምር ነው።

በካታሎግ ላይ ኪት የሚመርጥ ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በመልኩ ላይ ነው። ወርቃማውን፣ ብርማውን፣ ጥቁሩን ያወዳድራል፤ ዋጋውንም ይጠይቃል። በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ቀለሙ ባለቀ ጊዜ መተኪያው ከየት ይገኛል የሚለው ነው።

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይቻላል። አንድ አባት ልጁ ከዩኒቨርሲቲ በተመረቀ ጊዜ ስሙ የተቀረጸበት የወይራ ብዕር ገዝቶ ሰጠው እንበል። ልጁ በብዕሩ ስድስት ወር ጻፈበት፤ ቀለሙም አለቀ። ብዕሩን ይዞ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ ሻጮች ቢሄድ አንዱ አጠረ፣ ሌላው ወፈረ ብለው መለሱት። ያ ብዕር ከዚያ ቀን ጀምሮ በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል። አባትየውም ለሌላው ልጁ ምረቃ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም። እንጨቱ አልተሰነጠቀም፤ የብረቱ መልክም አልደበዘዘም። ገበያውን ያጠፋው የመተኪያው ቀለም ያለመገኘት ነው።

በመተኪያቸው መሠረት ኪቶች በሦስት ታላላቅ ወገኖች ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ቀጭኑ ባለማዞሪያ እስክሪብቶ ነው። ቀዳዳው 7 ሚሊ ሜትር፣ ቱቦዎቹም ሁለት ናቸው። ከሁሉ ርካሹ ይህ ስለ ሆነ ለጀማሪ ባለሙያ መለማመጃ ይስማማል። መተኪያው ክሮስ በተባለው ፋብሪካ ስም የሚጠራው ቀጭን ዓይነት ነው። እንጨቱ በሁለት ስለሚከፈል የላይኛውና የታችኛው ክፍል መሥመር እንዲገጣጠም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቅርጹ ቀጭን በመሆኑም በቱቦው ላይ የሚቀረው እንጨት ስስ ነው።

ሁለተኛው ፓርከር በተባለው ፋብሪካ ስም የሚታወቀውን መተኪያ የሚቀበለው እስክሪብቶ ነው። ይህ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ጆተር የተባለውን እስክሪብቶ ካወጣ ወዲህ የመተኪያው ቅርጽ በዓለም ላይ እጅግ ተስፋፍቷል። ዛሬ ጂ 2 በሚል ምልክት በዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት መለኪያ ውስጥ ስለ ገባ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ይሠሩታል። ርዝመቱ 98 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ወገን በብዙ ባለሙያዎች የሚወደደው ባለአንድ ቱቦው ዓይነት ሲሆን፣ ቀዳዳው 10.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንጨቱ ሳይቆራረጥ በአንድ ወጥ ስለሚታይ ለወይራ መሥመር እጅግ ያምራል።

ሦስተኛው ባለክዳኑ የቀለም ብዕር ነው። የዚህ መተኪያ በትንሽ ቱቦ የታሸገ ፈሳሽ ቀለም ነው፤ ወይም ከጠርሙስ የሚስብ መምጠጫ ይገጠምለታል። አስመጪው ኪቱ ዓለም አቀፍ በሚባለው ልክ የተሠራውን የቀለም ቱቦ የሚቀበል መሆኑን፣ መምጠጫውም አብሮ የሚመጣ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። መምጠጫ ያለው ብዕር የጠርሙስ ቀለም እስከ ተገኘ ድረስ ሥራው አይቋረጥም።

ስለ ቀለም ብዕር አንድ ሌላ ነገር መታወቅ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለ ሆነች፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በጅቡቲ በግማሽ የተሞላ ብዕር ተይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ቀለሙን ገፍቶ ሊያፈሰው ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ወደ ቆላና ወደ ደጋ ለሚመላለስ ደንበኛው ብዕሩን ሞልቶ ወይም ፈጽሞ ባዶ አድርጎ፣ ጫፉንም ወደ ላይ አቁሞ እንዲይዝ ቢነግረው ከሸሚዝ መበላሸት ያድነዋል፤ ራሱንም ከወቀሳ ያድናል።

የመተኪያው ጉዳይ ከተወሰነ በኋላ የብረቱ ቅብ ይመረመራል። በፒያሳ ወርቅ የሚገዛ ሰው ጥሩውን ወርቅ ከወርቅ ቅቡ ለይቶ ይጠይቃል፤ የብዕር አስመጪም እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል። ባለ 24 ካራት ወርቅ የተቀባ ኪት ገና ከጥቅሉ ሲወጣ ዓይን ይማርካል፤ ነገር ግን ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ስለ ሆነ ጣት በሚያርፍበትና የኪስ ማያዣው ከጨርቅ ጋር በሚተሻሽበት ስፍራ ቶሎ ይለቃል። የወርቁን መልክ ለሚወድ ገዢ ቲታኒየም ናይትራይድ የተባለው ቅብ ይበልጥ ጠንካራ ነው። ብርማውን ለሚመርጥ ክሮም በመጠነኛ ዋጋ ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል፤ ሮዲየም ዋጋው ከፍ ቢልም መልኩን ጠብቆ ይቆያል። ዕለት ዕለት ለሚጻፍበት ብዕር ርካሹን የወርቅ ቅብ መምረጥ የደንበኛን ቅሬታ አስቀድሞ እንደ መግዛት ይቆጠራል።

ኪቱ ከእንጨቱ ጋር መስማማቱም መታየት አለበት። የወተት ዕቃ የሚታጠንበትና ዱላ የሚቈረጥበት ወይራ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ጥቁር መሥመሮቹም ለብዕር ጌጥ ይሆኑታል። ነገር ግን በደንብ ሳይደርቅ ከተበሳ፣ ወይም ፑንታው በፍጥነት እየተነዳ ከጋለ ይሰነጠቃል። ቀንድም በጣም ሲሳሳ ስለሚሰነጠቅ ከቀጭኑ ኪት ይልቅ ወፈር ያለ ግድግዳ የሚተርፍበት ኪት ይስማማዋል።

የውጭ አገር ገዢን በተለይ ሊስብ የሚችለው የቡና እንጨት ነው። ያረጀ የቡና ተክል እንዲታደስ ሲጎነደል ግንዱ በአብዛኛው ለማገዶ ይውላል። ከዚያ ውስጥ ቀጥ ያለውንና የደረቀውን መርጦ ብዕር ማድረግ ደን ሳይነካ ዋጋ መጨመር ነው። የአረቢካ ቡና መገኛ ከሆነች አገር የመጣ የቡና እንጨት ብዕር ቡናችንን ለሚያውቅ ባዕድ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ላኪው በሕግ በኩልም ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ለይቶ በመጥራት ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቈረጡ ጥበቃ አድርጎላቸው ነበር፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች የደን አዋጆች ወጥተዋል። ስለሆነም የእንጨቱን ምንጭ የሚያሳይ ወረቀት ይዞ መገኘት መልካም ነው። የዝሆን ጥርስማ ፈጽሞ የሚታሰብ አይደለም። መንግሥት መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የሚመዝን የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ ማቃጠሉ ይታወሳል።

የመጨረሻው ጉዳይ የትእዛዙ መጠን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያን ጊዜ 4 ዶላር የሚያወጣ ኪት 228 ብር ይሆን ነበር፤ ምንዛሪው 120 ብር ሲደርስ ያው ኪት ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመር 480 ብር ሆኗል። ይህ ልዩነት ዐሥር ዓይነት ኪት ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት ለሚያዝ ነጋዴ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዓይነት የራሱን ፑንታ፣ በቶርኖ ላይ ልኩን የሚያሳየውን ቀለበትና የራሱን መተኪያ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ፑንታዎች በኢንች የተለኩ ስለ ሆኑም ከአገር ውስጥ ገበያ ሁልጊዜ አይገኙም።

ስለዚህ ለጀማሪ አስመጪ የሚበጀው ሁለት ዓይነት መርጦ ጠንቅቆ መያዝ ነው፤ አንዱ ጂ 2 መተኪያ የሚቀበለው እስክሪብቶ፣ ሌላውም መምጠጫ ያለው የቀለም ብዕር። ከዋናው ትእዛዝ በፊት ከየዓይነቱ ጥቂት ናሙና አስመጥቶ ለባለሙያው ይስጥ። ማዞሪያውን ጥቂት መቶ ጊዜ አዙሮ ይሞክረው፤ ብዕሩን በኪሱ ይዞ አንድ ወር ይጻፍበት። እንዲሁም ከፋብሪካው ጋር የመጣውን ቀለም አውጥቶ በከተማው ከሚሸጠው በአንዱ ይተካና መግጠሙን በዓይኑ ይይ። ዋናው ዕቃ ሲታዘዝም ፑንታው፣ ቀለበቱና ትርፍ ማዞሪያዎች በአንድነት ይምጡ።

ባለሱቁም በበኩሉ ከእያንዳንዱ ብዕር ጋር አንድ ትርፍ መተኪያ በሣጥኑ ውስጥ ቢጨምር፣ የመተኪያውንም ስም በአማርኛ በትንሽ ካርድ ላይ ጽፎ ቢያኖር ወጪው ጥቂት ነው። ገዢው ቀለሙ ባለቀ ቀን ካርዱን ይዞ ወደ ማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ይሄዳል፤ ካጣም ወደ ሸጠለት ሱቅ ይመለሳል። የተመለሰም ደንበኛ ሁለተኛውን ብዕር ለመግዛት የቀረበ ነው።

ቁም ጸሓፊው ሸምበቆውን ሲቈርጥ ነገ የሚቈርጠው ከየት እንደሚገኝ ያውቅ ነበር። የወይራውን ብዕር የሚሸጥ ነጋዴም ይህን ያህል ካወቀ ዕቃው በገዢው ኪስ ውስጥ ብዙ ዓመት ይኖራል፤ የሱቁም ስም አብሮት ይኖራል።